በሎሪን ጭን ላይ የነበረው ሳጥን

ሎሪን ቅዳሜ ቅዳሜ ባልቦዋ ወደሚባለው ዳንስ ቤት ትሄዳለች፤ ደንሳ ግን አታውቅም። ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የወንድሟን ሪቨርብ፣ የጊታር ድምፅ የሚያስተጋባውን ሳጥን፣ ጭኗ ላይ ታቅፋ ታመሻለች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በጋ፣ በካሊፎርኒያ ዳርቻ ያለዚያ ሳጥን ጊታር የሚጫወት ሰው ደፋር ነበር። ውስጡ ሞላዎች ተወጥረውበታል፤ የጊታሩ ድምፅ በእነሱ አልፎ ሲወጣ ከባሕር ሥር የመጣ ይመስላል። ግን ሳጥኑ ቁጡ ነው። ወለል ላይ ካስቀመጡት፣ ጨፋሪው ወለሉን በእግሩ ሲደበድብ ሞላዎቹ ይጋጩና ዘፈኑ መሐል ነጎድጓድ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሎሪን የምታቅፈው።

ወንድሟ የባሕር ኃይል ገብቶ ሳጥኑን ለእሷ ትቶ ሄደ። ጊታር ተጫዋቹ ዌንደል ይህን ሰምቶ በራቸውን ሲያንኳኳ፣ ደህና ዋላችሁም ሳይል «ሳጥኑ አለ?» ነበር ያለው። «አለ፤ ግን ከዓይኔ አይርቅም» አለችው።

ከዚያ ወዲህ በቸኮሌት የተነከረ ሙዝ ይገዛላታል፤ ወደ ቤት ሲያደርሳት መኪናውን ቀስ አድርጎ ይነዳል። ቀስ የሚለው ለእሷ ይሁን ለሞላዎቹ፣ ሎሪን ግራ ገባት። ወዳዋለች፤ የሚወደው እሷን ይሁን ሳጥኑን አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ዌንደል ፊቱ እያበራ ተቀበላት። በአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ከጣሪያው ላይ ለሳጥኑ መስቀያ ሠርቷል።

«ከዛሬ ጀምሮ መያዝ የለብሽም» አላት ሳጥኑን እየሰቀለ። «ነጎድጓድ ቀረ።»

«እንኳን ተገላገልከኝ» ልትለው ፈለገች። ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው። ሳጥኑን እንደተሰቀለ ትታ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ሳጥኑ እሱ ዘንድ እያለ ከመጣ የመጣው ለእኔ ነው ብላ አሰበች።

እሑድ አልመጣም። ሳምንቱም ተጋመሰ።

«ያ ልጅ ታመመ እንዴ?» አለች እናቷ ልብስ እየተኮሰች።

«እኔ ምን አውቄ፣ እማ።»

«ሳጥኑስ?»

«እሱ ጋ ነው።»

«አይ ልጄ! ወጥመድ አጥምደሽ ሥጋውን በእጁ ሰጥተሽው መጣሽ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሳጥኑን ተሸክሟል። የሎሪን ልብ ሁለት ሆነ፤ በመምጣቱ ደስ አላት፣ ሳጥኑን መመለሱ ግን የመጨረሻ ስንብት መሰላት።

«ዕቃሽ» አለ፣ ዓይኑን ከደጃፉ ሳያነሳ።

«ለምን አመጣኸው? ዛሬ አትጫወትም?»

«ጥለሽው ስትሄጂ 'ሳጥኑን ውሰድና እኔን ተወኝ' ያልሽኝ መሰለኝ። እንዲህ ከሆነ ሳጥኑም ይቅርብኝ።»

«እኔ? አንተ አይደለህ እንዴ በጎማ የተካኸኝ?»

ዌንደል አያት። ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ ግን ፊቷን ሲያይ ተወው።

«የሰቀልኩት ወጥተሽ እንድትደንሺ ነው እኮ። ስጫወት ከጀርባዬ ነሽ። በጋውን ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች ሳይ ከረምኩ፤ አንቺን ግን አላይሽም።»

ውስጥ ልብስ ትተኩስ የነበረችው እናቷ ካውያዋን አስቀምጣ ጆሮዋን አቁማለች።

«መጀመሪያ የመጣኸው ለሳጥኑ ነው» አለች ሎሪን።

«ለሳጥኑ ነው። አልዋሽሽም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሩን የከፈትሽው አንቺ ሆንሽ።»

ያን ማታ ሎሪን ከመድረኩ ፊት ለፊት ቆመች። ዌንደል ዓይኑን ከእሷ መንቀል አቅቶት ዜማው ጠፋበት። ከበሮ መቺው በእንጨቱ ጫፍ ጎሸመው፤ ጨፋሪዎቹ እግራቸውን አንስተው የት እንደሚያሳርፉት ቸገራቸው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግራ ያልገባት ሎሪን ብቻ ነበረች።