ለሊሎ የተገባ መሐላ

ጋርማን ወንዙን የሰረቀው በጠራራ ፀሐይ ነው። ያ ድንጋይ ለበስ ዘንዶ ከተራራው ወርዶ በናዶ ወንዝ ገደል አፍ ላይ ተጋደመ። ውሃው ከጀርባው ታቁሮ ቀረ፤ ከሆዱ በታች የዛምሬት መንግሥት ደረቀች። ጦር ሲወረወርበት አዛጋ። የንጉሡ መልእክተኞች ሲለምኑት ግን መለሰላቸው፦

«ወንዛችሁ ሞቷል፤ የሞተ ወንዝ ባለቤት የለውም። የለም፣ በሕይወት አለ ካላችሁ፣ በውስጡ የተወለደ አንድ ሕያው ፍጥረት አምጡልኝ። በነፍሴ እምላለሁ፣ ያን ቀን እነሣለሁ።»

የተረፈ ፍጥረት ቢኖር አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ እሱንም ከዘፈን በቀር ያየው የለም። ሊሎ ይሉታል። ከጣት የማይረዝም ዓሣ ነው፤ ወንዙ በሚያልቅበት በነጩ ሜዳ ይኖራል ይባላል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናሂት «እኔ አመጣዋለሁ» ብላ ስትነሣ፣ ንጉሥ ሃዝማር በዙፋኑ ፊት አስማላት። በዛምሬት መሐላን ውሃ ይሰማል፤ ውሃ የሰማውን ንጉሥም አይሽረውም። ናሂት ሄዳ እንደምትመለስ ማለች። ከዚያ ማንም ያላዘዛትን ቃል ከራሷ ጨመረች፦

«ለሊሎ ከጠራ ምንጭ የተቀዳ እንጂ ሌላ ውሃ አልሰጠውም። ብሰጠው የናዶ ውሃ እርም ይሁንብኝ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እሷም በራሷ ኮራች።

አብሯት የተላከው ዶርማስ የተባለ ጎልማሳ ጦረኛ ነበር። ዘንዶ ሊገድል ተመኝቶ ዓሣ ሊሸከም በመታዘዙ መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ከረመ። ነጩ ሜዳ ሲደርሱ ሊሎን ያገኙት በሚሸት፣ በሚፋጅና ዙሪያውን ጨው በጋገረበት ጉድጓድ ውስጥ ነው።

«ይሄ ነው?» አለ ዶርማስ አጎንብሶ። «የዛምሬት ተስፋ ይሄ ነው? የጥርሴ መፋቂያ እንኳ ይበልጠዋል!»

«ጋሼ ዶርማስ፣ ቀስ በል። ቢሰማህስ?»

ናሂት በጉድጓዱ ከሚርመሰመሱት ሊሎዎች ጥቂቶቹን በእፍኟ አወጣች። ድፍርሱን ውሃ ከእፍኟ አንጠፍጥፋ፣ ጥሩ ውሃ ይዛበት በመጣችው ቅል ውስጥ ጨመረቻቸው። ሳይመሽ ሁለቱ በጎናቸው ተንሳፈፉ።

የመልሱ መንገድ በደረቀው ወንዝ ሆድ ነበር። እዚህም እዚያም መራራ ውሃ ያዥ ጉድጓዶች አሉ፤ አፍንጫቸውን ይዘው አለፏቸው። ውሃ በለወጡ ቁጥር የጠራ ምንጭ ፍለጋ ከመንገድ ይወጣሉ፤ በለወጡ ቁጥርም ዓሣ ይሞታል። በመጨረሻው ምንጭ የአሸዋ ጅቦች ጠበቋቸው። እነዚህ አውሬዎች ገላቸው አሸዋ ስለሆነ ጦር ያልፍባቸዋል፤ ሥጋ የሚለብሱት ሲነክሱ ብቻ ነው። ዶርማስ ግራ እጁን ለመሪያቸው ሰጥቶ በቀኙ ወጋው። ሌሎቹ ሸሹ። ናሂት በዚያ ምንጭ ውሃ ቅሉን ሞላች።

ሲነጋ አንድ ሊሎ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል እንጂ አይዋኝም።

ዶርማስ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን አየ፤ ቅሉን አየ። «ሁለት ጣት! ሁለት ጣት የከፈልኩበት ውሃ እኮ ነው! ምን ጎደለው? ማር እንጨምርበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» ናሂት ጮኸች። «አጣርቼለታለሁ። ጥላ ለጥላ ይዤዋለሁ። ዘፈኑን እንኳ ዘፍኜለታለሁ!»

«እንግዲያ የገደላቸው ዘፈንሽ ነው።»

ቅሉን ከድንጋይ ጋር ልታላትመው ፈለገች። እግሯ ሥር አንዱ መራራ ጉድጓድ ይሸታል። አፍጥጣ አየችው፤ ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ያኔ ስናገኛቸው ስንት ነበሩ?»

«እንደ ትንኝ ነበሩ። ማን ቆጠራቸው?»

«ውሃ ማን ያጣራላቸው ነበር?»

ዶርማስ ጉድጓዱን አየ። ሲገባው ድምፁ ዝቅ አለ። «ምለሻል እኮ። ተመልሰን ሌላ እንያዝ።»

«በምን ውሃ ልንሸከመው?»

«ማንም ሳያዝዝሽ! ምላስሽን ምን ነካው?»

«ጋሼ ዶርማስ፣ ዝም በል! እኔ ለራሴ ያልኩት አይበቃም?»

እያለቀሰች በንዴት ጥሩውን ውሃ ደፋች። ሊሎ ሊወድቅ ሲል በመዳፏ ያዘችው፤ ቅሉን በመራራው ጉድጓድ ነክራ ሞላችና መለሰችው። ዓሣው ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጭራውን መታ፤ ጎኑ እንደ መብረቅ ሰማያዊ ሆነ።

ከገደሉ አፍ ሲደርሱ ጋርማን አፍንጫውን ወደ ቅሉ አስጠግቶ «ይሸታል!» አለ።

«የሚሸተው ወንዙ ነው» አለች ናሂት። ለመፍራት እንኳ ትዕግሥት አልቀራትም። «አንተ ከላይ ተኝተህ ጣፋጩን ትጠጣለህ፤ ታች ሲደርስ ይህን ይመስላል። በዚህም ውስጥ ዓሣ ይወለዳል። ተነሣ!»

ዘንዶው በውሃው ውስጥ የሚብለጨለጨውን ሰማያዊ ነገር ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ተነሣ፤ ድንጋይ ከጀርባው እየተናደ፣ ናዶ እያገሣ ወረደ።

ናሂት ሊሎን ከነውሃው በወንዙ ዳር ባለ የጨው ጉድጓድ አኑራ ከተማዋ ስትገባ፣ ሕዝቡ ከናዶ በእፍኙም በጋሻውም ይጠጣ ነበር። እሷም ሳታስበው ተንበርክካ ዘገነች። መዳፏ ላይ ደረቅ አሸዋ አገኘች። ደግማ ዘገነች፤ አሸዋ። ዶርማስ ሕዝቡን ገፍቶ በዋንጫ አመጣላት። ከንፈሯን ሲነካ እሱም አሸዋ ሆነ። ዶርማስ ዋንጫውን መሬት ላይ ፈጠፈጠው።

ንጉሥ ሃዝማር በወንዙ ዳር ከተዘረጋለት ዙፋን ተነሥቶ ክንዶቹን ዘረጋ። «የዛምሬት ሕዝብ ሆይ! የዚህች ልጅ ስም በአለት ላይ ይቀረጽ! ከዛሬ ጀምሮ ትውልድ ሁሉ...»

«ንጉሥ ሆይ፣ ይማሩኝ» አለች ናሂት፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ቃሉ በግድ ወጣ። «ንግግሩ ይቆየኝ። ጠምቶኛል።»

ሁሉም ወደ እጁ ተመለከተ። ዋንጫው፣ ገንቦው፣ ጋሻው ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ከናዶ የተቀዳ።