ዝግ ብለው ይናዱ

«ይሄንን ሳታዩ ወደ ቤት እንዳትሄዱ» አለች ራዲዮ፣ ስልኳን ዴስኩ ላይ ወደ እነሱ እያዞረች።

የክፍሉ ልጆች «ራዲዮ» የሚሏት ወሬ እሷ ጋ ስለማያድር ነው። አምስት ጭንቅላት አንድ ስልክ ላይ ተደፋ። እንቡጥ ከኋላ ስለነበረች ተንጠራርታ አየች። ቢጫ የመንገድ ታፔላ ነው። በጥቁር ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «ተማሪዎች ይሻገራሉ፤ ዝግ ብለው ይናዱ» ይላል።

ነገሩ እስኪገባቸው አንድ አፍታ ፈጀ። ከዚያ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

«ይናዱ? እንደ ግድግዳ?»

«ደግሞ ቸኩለው እንዳይናዱ፣ ዝግ ብለው ነው የሚለው።»

«ማን ይሆን የጻፈው? ፊደል ሳይቆጥሩ ታፔላ መጻፍ አለ እንዴ?»

«ጠጥቶ ይሆናላ» አለች እንቡጥ።

ለምን እንዳለችው አታውቅም፤ አፏ ቀደማት። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ታፔላው ከሁለት ሳምንት በፊት ከእነሱ ግቢ ነው የወጣው። የጻፈው አባቷ ነው። የመጨረሻዋን ቃል ግን የጻፈችው እሷ ናት።

አባቷ ታፔላ ጻፊ ነው። የሱቅ፣ የክሊኒክ፣ የጋራዥ፣ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ሳይቀር በሰፈሩ የሚነበበው ሁሉ ከእሱ እጅ ያለፈ ነው። በኮምፒውተር የሚያትሙት ከበዙ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዞ ነበር። ዘንድሮ ግን የመንገዶች መሥሪያ ቤት አሥራ አምስት ታፔላ አዘዘውና ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ሲያፏጭ ከረመ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን አስደግፎ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረ ሲጽፍ የቀለም ማቅጠኛው ቲነር አለቀበትና ሊገዛ ወጣ። ሦስተኛው ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነበረች።

እንቡጥ ብሩሽ መያዝ የጀመረችው እርሳስ በቅጡ ሳትይዝ ነው። ልታግዘው ፈለገች፤ ሌላ ነገር በሆዷ አልነበረም። ስልኳን ድምፁን ከፍታ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ከራዲዮ ጋር እያወራች ጻፈች። ራዲዮ ደግሞ በዚያ ሰዓት የአክስቷ አጥር በዝናብ እንዴት እንደተናደ፣ ማን ላይ ሊናድ እንደነበር፣ የቀረውም እንዳይናድ ምን እንደተደረገ ትተርክላት ነበር። ጆሮዋ የሰማውን እጇ ጻፈው። አባቷ ሲመለስ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ተጣድፎ ጫነ፣ ፈረመ፣ ሸኘ። እንቡጥ «የእኔን ጽሑፍ ከራሱ መለየት አቃተው» ብላ ውስጥ ውስጡን ፈነደቀች። አንድ ቀን ነግሬ አስገርመዋለሁ ብላም ዝም አለች።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰላ መጣች። ከመሥሪያ ቤቱ የተደወለ ስልክ ግን ቀድሟት ነበር። አባቷ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀምጧል። የደንብ ልብስ ሰፊዋ እናቷ ያልተጨረሰ ኮሌታ ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ነች። እንቡጥ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«ተናደዱ?» አለች እናቷ።

«እነሱስ አልተናደዱም። ታፔላው ነው የተናደው።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ማንም እኮ ይሳሳታል።»

«ስህተቱ አይደለም የከነከነኝ። መጻፌን አላስታውስም። ሦስተኛው ላይ አንድ ቃል ትቼ መውጣቴ ነው ትዝ የሚለኝ። ተመልሼ መቼ ጻፍኩት? ከጭንቅላቴ ጥርግ ብሎ ጠፍቷል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባም እንዲህ ነው የጀመረው።»

እንቡጥ አያቷን ታስታውሳለች። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይል ነበር። የገዛ ልጁን፣ አባቷን፣ «አንተ ልጅ የማን ነህ?» ብሎ የጠየቀው ቀን፣ አባቷ በትዕግሥት ስሙን ነግሮት ወጥቶ ጓሮ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር።

«የቀሩትን አሥራ ሁለቱን ለሌላ ሰው ስጡ ብያቸዋለሁ» አለ አባቷ። «ቅዳሜ ሄጄ ይቺን አስተካክላለሁ። ከዚያ በቃኝ።»

እናቷ ኮሌታውን እያገላበጠች ምንም በሌለበት ቦታ ክር ትለቅማለች።

መናገር የነበረባት ያኔ ነበር። እግሯ ግን ወደ መኝታ ክፍሏ ወሰዳት። ትናንት ቢሆን ተራ ስህተት ነበር። አሁን ግን የአባቷ ሥራ፣ የአያቷ በሽታ፣ የእናቷ ዝምታ ሁሉ ተከምሮበታል። ራት ላይ «ቅዳሜ እኔም ልምጣ» ከማለት በቀር ምንም አልወጣትም።

«ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለብሽ» አለች እናቷ።

«መኪና ውስጥ አጠናለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት መሰላሉን አሮጌዋ ፒክአፕ ላይ አስረው ወጡ። መንገዱ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቷ መሪ ይዞ የሚያየውን ጽሑፍ ሁሉ ሲያማ ነው የሚሄደው። «ያችን ቀ እያት፣ አንገቷ ታንቋል»፣ «ይሄ ሰውዬ መ ሲጽፍ መነጽር እየሣለ ነው የሚመስለው» ይላል። እሷም እየሳቀች እንቅልፍ ይወስዳታል። ዛሬ ግን ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጆሮዋን ስትሰጥ የእህት ወንድሞቹን ስም በቅደም ተከተል ከታላቅ እስከ ታናሽ እየጠራ ነበር። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ይጀምራል። የሒሳብ ደብተሯ ጭኗ ላይ እንደተከፈተ አንድ ገጽ አልገለጠችም።

መንገድ ዳር ቆሞ ሙዝ ገዛና ሲመለስ ሞተሩን አላስነሳም።

«እንቡጤ» አለ፣ ወደ ፊት እያየ። «ምናልባት አንድ ቀን ስምሽን ብስት ዝም ብለሽ ንገሪኝ። እንዳትቀየሚ። ማወቅ አቅቶኝ እንጂ መርሳት ፈልጌ አይደለም።»

ደብተሯን ዘጋች።

«አባዬ፣ ቃሉን እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«የቱን ቃል?»

«ይናዱን። አንተ ቲነር ልትገዛ ስትወጣ።»

ዞሮ አያት። ፊቱ ላይ የጠበቀችው ቁጣ የለም። ይልቅ ፈገግ ብሎ ጉንጯን ነካ አደረጋት።

«ያን ማታ ሰምተሻል ማለት ነው።»

«አዎ ሰምቻለሁ፣ ግን እሱ አይደለም…»

«እናትሽ ናት እንዲህ በይው ያለችሽ?»

ሁሉንም ዘረገፈችለት፤ ስልኩን፣ ወንበሩን፣ የራዲዮን አክስት፣ አጥሩን። በተናገረች ቁጥር ዓይኑ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ በለሰለሰ ቁጥርም እንዳላመናት ይገባታል።

«የእኔ ልጅ» አለ በመጨረሻ፣ ሞተሩን እያስነሳ። «ስልክ ላይ አጉልቼ አይቼዋለሁ እኮ። የገዛ እጄን ጽሑፍ አጣዋለሁ? የእኔ ነው። ስላሰብሽልኝ ግን ተባረኪ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ልንገረው አልንገረው ስትል ኖራለች። ተናግሮ አለመታመን የሚባል ነገር እንዳለ ግን አንድም ጊዜ አላሰበችም። ቀሪውን መንገድ በመስኮት እያየች፣ ሙዙን ሳትልጥ በእጇ እንደያዘች ሄደች።

ታፔላው ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ፊት ለፊት ቆሟል። ቅዳሜም ማጠናከሪያ ትምህርት ስላለ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ አንድ ሴትዮ ቀይ ባንዲራ ይዘው ልጆች ያሻግራሉ። መሰላሉን ሲያዩ ተጠጉ።

«ልታነሱት ነው?»

«ላርመው ነው እናቴ» አለ አባቷ።

«ባትነኩት ይሻለኝ ነበር። ድሮ ባንዲራዬን ባውለበልብ ዞሮ የሚያየኝ ሾፌር አልነበረም። ይሄ ከተተከለ ወዲህ ሁሉም ቆሞ ፎቶ ያነሳል። እሱ ሲስቅ እኔ ልጆቼን አሻግራለሁ።»

«ለእርስዎ ብዬ በተውኩት ነበር፤ እንቅልፍ ነሣኝ እንጂ» አለና መሰላሉን አስደገፈ።

እንቡጥ አልተከተለችውም። ከመኪናው ጀርባ የቆርቆሮ ቁራጭ አወጣች። ጥቁሩን ቀለም ከፈተች። ስድስት ቁጥር ብሩሽ አነሳችና መሬት ላይ ተንበርክካ አንድ ና ጻፈች።

«አባዬ፣ ይሄን ከላይኛው ጋር አስተያየው።»

ሊያስደስታት ያህል ተቀበላትና አየት አደረገው። ከዚያ መልሶ አየው። ቆርቆሮውን ይዞ መሰላሉን ወጣና ከታፔላው ጎን አስጠጋው። አባቷ ና ሲጽፍ እግሯ ጋ ሲደርስ ብሩሹን አንስቶ ነው እንደገና የሚያሳርፈው፤ ማጠፊያዋ እንደ ሳጥን ጥግ ሹል ትሆናለች። እንቡጥ ብሩሹን ሳታነሳ ነው የምታዞረው፤ ማጠፊያዋ ክብ ይላል። ታፔላው ላይ ያለችውም ቆርቆሮው ላይ ያለችውም ክብ ነበሩ።

ከላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠ ወረደና የመጨረሻው ላይ ተቀመጠ።

«አጥሩ የማን ነው ያልሽኝ?»

«የራዲዮ አክስት።»

«በዝናብ ነው የተናደው?»

«በዝናብ።»

ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየላትም። ሴትዮዋ ነገሩ ባይገባቸውም ባንዲራቸውን ጠቅለል አድርገው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። እጁን ሲያወርድ ዓይኑ ቀልቷል።

«ሦስት ሌሊት አልተኛሁም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው።»

«አዎ።»

ቢጮህባት ይቀላት ነበር። ተነስቶ እስከ አጥሩ ጥግ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ፤ ተመለሰ። ጨርቅ በቲነር ነከረና ሰጣት።

«ያጠፋ ያጥፋ» አለ።

መሰላሉን ወጥታ ናዋን ፈተገች። ጥቁሩ እስኪለቅ ክንዷ ዛለ። አባቷ ከታች መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞላት ነበር። ከሥሩ የነጣውን ቦታ ቢጫ ቀብተው እስኪደርቅ ከሴትዮዋ ጋር አጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሙዝ በሉ። አባቷ ለሴትዮዋ የእህት ወንድሞቹን ወሬ ያወራላቸዋል፤ የትኛው ነገረኛ እንደሆነ፣ የትኛዋ አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቀሚስ እንደለበሰች። ስማቸውን ሲጠራ አሁን አይቆጥርም።

ቢጫው ሲደርቅ ብሩሹን ለእሷ የሚሰጣት መስሏት እጇን ዘረጋች። አልሰጣትም። ራሱ ወጣና ን ጻፈ። በአንድ ትንፋሽ፣ ቀጥ ያለች፣ ጥግ ጥጓ እንደ ምላጭ የተቆረጠች። ከላይ ሆኖ ትንሽ አያት። ወርዶም ከታች አያት።

«ጥሩ ናት» አለ፣ ለራሱ።

መኪና ውስጥ ገብተው ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው እንደገና የተናገረው።

«ያንቺዋ ናም ጥሩ ነበረች። ቦታዋ አልነበረም እንጂ።» ከዚያ «ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ሄጄ አሥራ ሁለቱን መልሱልኝ፣ ደክሞኝ ነበር እላቸዋለሁ። አንቺን ማንሳት አያስፈልግም» አለ።

«ደክሞኝ ነው ካልክ ሌላ ጊዜም ይደክመዋል ይላሉ። አብሬህ እሄዳለሁ።»

«የመንግሥት ሥራ ለልጅ ሰጥተህ ነው ቢሉኝስ?»

«ሳትሰጠኝ ነው የጻፍኩት እላቸዋለሁ።»

«ፈተናሽስ?»

«አምስት ሰዓት ነው።»

ከፊታቸው የጎማ ቤት ታፔላ መጣና ፍጥነቱን ቀነሰ። «ያችን ጎ እያት» አለ። «እሷ ራሷ አየር ያስፈልጋታል።» እንቡጥ ሳቀች። ደብተሯን ገልጣ አንድ ጥያቄ ሠራች፤ ተሳሳተች፤ ደልዛ እንደገና ሠራችው።

ቤታቸው ሲደርሱ ፀሐይ ልትገባ ነበር። እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አይታወቅም። በመኪናው መስተዋት አሻግራ የባሏን ፊት ልታነብ ትሞክራለች።

አባቷ ሞተሩን አጠፋ። «እኔ ልንገራት?» አለ።

እንቡጥ የመኪናውን በር ከፈተች።

«አንተ መሰላሉን አውርድ» አለችውና ወደ እናቷ ሄደች።