የዕለቱ ቀለም

የሸዋ ሮቢት ሰው «ጅን አየሁ» ሲለኝ «ሙቀቱ ነው» እያልኩ የኖርኩ የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፣ ያልመዘንኩትን አላምንም፤ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እኔንም ሙቀት መታው እንዳትሉኝ ነው።

አባቴ ጋሼ በለጠ በደርግ ጊዜ የጦር መኪና ሾፌር ነበሩ። የራሳቸው ወገን አውሮፕላን በስህተት እንዳይደበድባቸው ኮፈኑ ላይ ባለቀለም ጨርቅ ያስሩ ነበር፣ ቀለሙን ጠላት እንዳያውቀው በየዕለቱ ይለዋውጡታል፣ ጧት ጧት «ዛሬ ቀይ»፣ «ዛሬ ነጭ» ተብሎ ይነገራቸዋል፣ አብራሪው የዕለቱን ቀለም ካየ ክንፉን ግራና ቀኝ ዘንበል አድርጎ ያልፋል። አባቴ ሁለቱንም ጨርቆች አስቀምጠው፣ ጓዶቻቸው በእሳቸው ጨርቅ እንደተረፉ ያወሩ ነበር፣ ሻይ ቤት ግን «ጋሼ በለጠ፣ ዛሬ ምን ቀለም ታዘዘ?» እያሉ ይስቁባቸዋል።

አምና ታመሙና «ጨርቄን አስረህ አንዴ ውሰደኝ፣ አንተ ብቻ ብታምነኝ ይበቃኛል» አሉኝ። ወደ ደብረ ሲና ሽንኩርት ጭኜ ስወጣ ቀዩን አይሱዙዬ ኮፈን ላይ አሰርኩላቸው።

«ፍታው፣ እሱ የትናንቱ ነው። የትናንቱን ያሰረ በጠላትነት ነው የሚመታው። ዛሬ ነጭ ነው።»

«ማን ነገረዎት አባዬ?»

«ጧት ተነገረኝ።»

ለታመመ ሰው ምን ይከለከላል፣ ነጩን አሰርኩ። ከከተማ ወጥተን ማሳውን ስናልፍ፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከኋላ ጉርምርምታ መጣ፣ ጎማ መስሎኝ ፍጥነት ቀነስኩ። እመኑኝ፣ ሰማዩ ባዶ ነበር፣ ግን የክንፍ ጥላ በላያችን አልፎ አስፋልቱን ይዞ ሄደ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። ማሳው ውስጥ የነበሩት ሠራተኞችም ቀና ብለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«ለየን» አሉ አባቴ፣ እንደ ወጣት ቀጥ ብለው ተቀምጠው።

«አመንኩዎት» አልኩ።

በዚያው ሰሞን አረፉ። አስከሬናቸውን የሸኘሁት ነጩን ጨርቅ ኮፈኑ ላይ አስሬ ነው፣ ከዚያም አልፈታሁትም፣ ሻይ ቤት «ምን ቀለም ታዘዘ?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «የአባቴ» እላለሁ፣ አሁን የሚስቅ የለም።

ዛሬ ጧት ግን ኮፈኑ ላይ ያገኘሁት ቀዩን ነው፣ ጫፉ በአባቴ አስተሳሰር ተጠምዝዞ። ነጩ ጨርቅ ደግሞ ቀዩን ቆልፌበት በነበረው ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፣ የሳጥኑ ቁልፍ ከኪሴ አልወጣም። ባለቤቴን ብጠይቃት «እኔ መኪናህን መቼ ነክቼ አውቃለሁ?» አለችኝ። ነጩን መልሼ ልሰር ብል «የትናንቱን ያሰረ ይመታል» ያሉኝ ትዝ አለኝ፣ እንደታጠፈ ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኩትና በቀዩ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው ደብረ ሲና ጭነቴን አራግፌ ነው። የምመለሰው ነገ ነው፣ ሁለቱም ጨርቆች አብረውኝ አሉ። የነገውን ቀለም ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።