ሁለቴ የበሰለው

ሽማግሌው ጋጋሪ ማጅራቱን ተፈንክቶ ምድጃው ሥር ወድቆ ከተገኘ ሁለት ቀን አልፏል። ዳቦ ቤቱ ግን አሁንም እሱን እሱን ይሸታል። ልጁ ደረጃውን ስትወርድ ሳሉን የምትሰማው ይመስላትና ቆማ ታዳምጣለች። ዛሬ ካልተረፈች በአባቷ ደም ልትከሰስ ነው።

መዘዙ አንድ ትሪ ብስኮቲ፣ ደረቅ ብስኩት ነው። ሟቹ ሊጡን ምድጃ ውስጥ ሲከት ሦስት ሰዓት ነበር። ግማሽ ሰዓት ይበስላል፣ አንድ ሰዓት ይበርዳል፣ ከዚያ ተቆርጦ እንደገና ይገባል። ሁለቴ በስሎ ስለተገኘ ሰውየው እስከ አራት ተኩል በሕይወት ነበር ተባለ። የዳቦ ቤቱ አቡኪ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ የልጅቱ አጎት አራት ሰዓት ላይ ወጥተዋል። ቤት የቀረችው ልጅቱ ብቻ ናት፤ አሟት ፎቅ ተኝታ ነበር።

መርማሪዋ ሦስቱንም ምድጃው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«እስቲ ስለ ብስኮቲ ስም ይንገሩኝ» አለችው አጎትየውን። ደንበኛ የሚያስተናግደው እሱ ነው፤ አፈ ጮሌ ነው።

«ጣልያንኛ ነው። ‹ቢስ› ሁለቴ፣ ‹ኮቶ› የበሰለ። ቶሎ ስለማይበላሽ መርከበኞች ስንቅ ያደርጉት ነበር።»

«ጋግረው ያውቃሉ?»

«ወንድሜ እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

መርማሪዋ ትሪውን ወደ አቡኪዋ ገፋችው። «እናቴ፣ ይህ የማን እጅ ነው?»

አቡኪዋ አንዱን አገላበጠችው። «የእሳቸውም የልጃቸውም አይደለም። ጠርዙ ተፈርፍሯል። በትኩሱ የቆረጠው ሰው እጅ ነው።»

«በትኩሱ ከሆነ» አለች መርማሪዋ ረጋ ብላ፣ «የተቆረጠው ከምድጃ እንደወጣ፣ ሦስት ተኩል ላይ ነው። ያኔ እዚህ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ወንድምዎ ዘግይቶ የሞተ እንዲመስል ቆርጠው መለሱት፤ ምድጃው ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ይጠፋል። ስሙ ሁለቴ መብሰሉን ይናገራል፣ በመካከል መብረዱን ግን አይናገርም። እርስዎ የሚያውቁት ስሙን ብቻ ነው።»

አጎትየው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ሃያ ዓመት አብሬው ለፍቼ ቤቱን ለሷ ብቻ ላውርስ አለ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

ልጅቱ ወደ አጎቷ ቀረበች። ነጻ መውጣቷ ገና አልገባትም።

«ጋሼ፣ አባዬ ወዲያው ነው ያረፈው?»

አጎቷ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ቢላዋውን ስይዝ ዓይኑን ገለጠ። ‹ተው፣ ገና ትኩስ ነው› አለኝ። የሚቃዥ መስሎኝ ብስኮቲውን መቁረጤን ቀጠልኩ።»

«እኔ እኮ ፎቅ ነበርኩ» አለችው። «ብትጠራኝ እደርስለት ነበር።»