መጀመሪያ ኮንቴይነሩ

«ኮንቴይነሩን ስፕሪንግ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች ሩቲ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ፕሮጀክተሩ ፊት ቆማ። «ሌንሳ የሪፖርቱን ጽሑፍ ነው ያገዘችኝ።»

ሌንሳ የኋላ ወንበር ላይ ደሟ ፈላ። ጽሑፉን? ታዲያ ስንት ቅዳሜ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያንን ሁሉ ደረጃ እየወጣች፣ እነሩቲ ቤት ሶፋ ጥግ ተኮራምታ ስትሠራ የነበረችው ማን ናት? ሩቲማ ቲክቶኳ ላይ ተጥዳ ነበር። ላፕቶፑ ብቻ ነው የሩቲ።

ፕሮጀክታቸው የኮሌጁን የድሮ የተማሪ መመዝገቢያ ማደስ ነው። መመዝገቢያው ኢጄቢ በሚባል የቆየ አሠራር ስለተጻፈ ኮንቴይነር የሚሉት የራሱ አስነሺ ከሌለው ንቅንቅ አይልም። ለሱ ብለው አንድ ትልቅ ሰርቨር ለብቻው ሲያስነሱ ደግሞ ላፕቶፑ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌንሳ ታዲያ ኮንቴይነሩን አንስታ ስፕሪንግ የሚባለው አዲሱ አሠራር ውስጥ ከተተችው። ስፕሪንግ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፣ አለቀ። ቲቸር አምሐ ይህ ነገር ከሠራ ከሁለቱ አንዷን ኃይሌ ጋርመንት ሰፈር ያለ ሶፍትዌር ቤት ለልምምድ እልካለሁ ብሏል። አንዷን ብቻ።

ሩቲ ማስነሻውን ነካች። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ደገመችው፣ ያው ቀይ።

«ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ቀርቶ ይሆናል» አለ ኢሉ፣ የክፍሉ ቀልደኛ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ሌንሳ ቀዩን ከሩቅ አንብባ ገባት። ስፕሪንግን መጀመሪያ ኮንቴይነሩን አስነሳ፣ ሌላው ይጠብቅ የምትለዋ መስመር የለችም። ሌላው ሁሉ ገና ያልተነሳ ኮንቴይነር እየፈለገ ነው የሚወድቀው። ትናንት ሩቲ ኮዱን አጸዳሁት፣ የማያስፈልገውን አጠፋሁት ብላ በቴሌግራም ጽፋላት ነበር፣ ከነኢሞጂው። አጸዳችው በቃ።

የታባቷ፣ አለች ሌንሳ በሆዷ። እዚያው ቆማ ትቅለል። ከሌንሳ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው።

ቲቸር አምሐ እስክሪብቶውን አነሳ። አይሠራም ብሎ ሊጽፍ ነው። ግን አይሠራም የሚባለው የማን ሥራ ነው? የሷ የራሷ።

ቲቸር የሚያስተካክለው ሰው ካለ ብሎ ዙሪያውን ሲያይ ሌንሳ ተነሳች። አጠገቧ ስትደርስ ሩቲ በሹክሹክታ፣ «ሌንስዬ፣ በናትሽ እንዳታሳጪኝ። ላፕቶፑ እኮ የኔ ነው» አለቻት።

«ስንጨርስ ትወስጂዋለሽ።»

መስመሯን መልሳ ጻፈችና አስነሳችው። ላፕቶፑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ መመዝገቢያው ተከፈተ።

ሩቲ በረጅሙ ተነፈሰች፣ እጇንም ወደ ማውሱ ዘረጋች። «በቃ አሁን እኔ ልቀጥል።»

ሌንሳ ማውሱን አልለቀቀችም። ወንበሩን በእግሯ ስባ ተቀመጠች።

«ቲቸር» አለች፣ «ይቺ መስመር ለምን እንዳስፈለገች ከመጀመሪያው ላስረዳ።»