የቀዘቀዘው የካምቢዮ ዘይት

ሟቹ ከገዛ ፒክአፑ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ፤ የፊት ጎማው ደረቱ ላይ ቆሟል። ቦታው የዳገቱ አጋማሽ ነው፤ ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ትንፋሽ የሚሰበስቡበት። ፒክአፑ ወደ ኋላ ተንሸራቶ በመንገዱ ዳር የአፈር ግንብ ተይዟል። ከካምቢዮው የሚወጣው የዘይት ቱቦ ከነማሰሪያ ፋሸታው ወልቆ ተንጠልጥሏል፤ ቀዩ ዘይት የሰውየውን ሸሚዝ አርሶታል።

ቀድሞ የደረሰው ትራፊክ ፖሊስ ጊዜ አላባከነም።

«ይሄማ ግልጽ ነው» አለ። «ቱቦው ወለቀ፣ ዘይቱ ፈሰሰ፣ መኪናው አልሄድ አለ። ሰውየው ሊያይ ሥሩ ሲገባ ተንሸራተተበት። ቱቦውን ያሰረው መካኒክ ይጠየቅ!»

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ተጠጋች። ባልደረቦቿ «ጉንዳን» ይሏታል፤ አንዴ ከነከሰች አትለቅም። ተንበርክካ የሟቹን ሸሚዝ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ዘይቱ ገና እርጥብ ነው፤ ከሥሩ ግን ደም በደረቁ እንደ ቅርፊት ተነሳ። ከዚያ ጎማ ያጠቆረው ትልቅ ድንጋይ አየች። የተቀመጠው ከጎማው አጠገብ ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ፣ ሣር ላይ ነው።

ባለጋራዡ መካኒክ በዚያው ዕለት ተያዘ። ሳይመታ፣ ሁለቴ ሳይጠየቅ ጥፋቱን አመነ፣ ፈረመም። ሰው በገዛ እጁ ገመድ ሲገባ ማየት ደስ አይልም።

በማግስቱ ጠዋት ሴት ልጁ የመርማሪዋን ቢሮ በር ይዛ አለቅም አለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ መቆም እንኳ ከብዷታል።

«እትዬ፣ አባቴን አውጡልኝ! እናቴ ከሞተች ወዲህ እሱ ነው ያሳደገኝ። እህል አልቀምስም ብሏል። እዚያው ይሞትብኛል!»

«አባትሽ እኮ አምኗል።»

«እሱ ዝናብ ቢጠፋም ጥፋቱ የኔ ነው የሚል ሰው ነው! የሞተው ባለፒክአፕ ደግሞ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ቤታችን በሁለት በኩል ሐዘን ገባ። እግርዎ ላይ ልውደቅ?»

«አትውደቂ። እውነቱን አመጣልሻለሁ» አለች መርማሪዋ። የልጅቱ እንባ አንጀቷን በልቷት ነበርና አመጣልሻለሁ ያለችው ነገር ምን ሊያስከፍል እንደሚችል አላሰበችም።

መጀመሪያ የሟቹን ሚስት አነጋገረች። ሴትዮዋ አታለቅስም፤ የባሏን ሸሚዞች እያጠፈች ትመልሳለች።

«ባልሽ መኪና ሥር መግባት ያዘወትር ነበር?»

«ዳገቱ ላይ በቆመ ቁጥር! መለኪያ አያምንም። ‹እጄ ይንገረኝ› ይላል። በጀርባው ይገባና የካምቢዮውን ሆድ በእጁ ጀርባ ይነካል።»

«ጎማው ላይ ታኮ ሳያደርግ?»

«ኧረ እሱ! ድንጋይ ሳያስደግፍ ጣቱን አያስገባም። ፈሪ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ጠላት ነበረው?»

ሴትዮዋ ማጠፏን አቆመች። «ጠላት የለውም። ታናሽ ወንድሙ ነው የተቀየመው። ባለፈው ከልክ በላይ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ የድሮውን ካምቢዮ አቃጠለው። ባሌ ቁልፉን ነጠቀው፤ ሰው ፊት ‹ለዚህ ፍየል እንኳ አይሰጠውም› አለ። የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ የተገጠመውም ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ግን ሲገጠምለት ይመልስልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር።»

ታናሽ ወንድሙን ደግሞ ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ አገኘችው። ዓይኑ አብጧል፤ ሐዘኑ የውሸት አይመስልም።

«ወንድምህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከአደጋው በፊት በነበረው ማታ፣ ቤቱ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም።»

«ምን ገደለው ትላለህ?»

«ግትርነቱ! አማቴ ምን ያድርጉ? ከራዲያተሩ ፊት ትልቅ ማቀዝቀዣ አደረጉለት። የዘይቱን ሙቀት በቁጥር የሚነግር መለኪያ መስታወቱ ዳር ሰቀሉለት። መቶ ሲያልፍ ዓይኑ ሥር እየበራ ጋሼ ዝም ብሎ ይነዳል!»

«አማትህን ትወዳቸዋለህ ማለት ነው።»

«እንደ አባቴ» አለና ማልቀስ ጀመረ። ይህም እውነት ነበር።

ከዚያ ወደ እስር ቤቱ ሄደች። መካኒኩ ግድግዳውን ተደግፎ ጣቶቹን ያገላብጣል።

«አባቴ፣ ፋሸታውን አጥብቀውታል?»

«ሌሊቱን ሙሉ ሳጠብቀው አደርኩ፣ ልጄ። በሐሳቤ። ካቻቢቴውን ስይዝ ይታየኛል፤ ሳዞረው ግን አይታየኝም። ከረሳሁት ሌላ ምን ይሆናል?»

«መለኪያውስ?»

«ያዘዝነው እንደ ድሮው ባለ መርፌ ነበር፣ ከሬዲዮው ሥር የሚገባ። የመለዋወጫ መደብሩ በዚያው ጠዋት ባለ ቁጥር ላከልን። አልገባ ሲለኝ መስታወቱ ዳር ሰቀልኩት። ሟቹ ጓደኛዬ ሳቀብኝና ቀጥታ ወደ ዳገቱ ነዳ። ስልኩን እንኳ ጠረጴዛዬ ላይ ረስቶት ሄደ።»

«ስለ ባለ ቁጥሩ ለማን ነገሩ?»

«ለማን እነግራለሁ? ብቻዬን ስሠራ ውዬ እናንተ መጥታችሁ ወሰዳችሁኝ።»

መርማሪዋ ከክፍሉ ስትወጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟቹ ሚስት ወንበር ላይ፣ ታናሽ ወንድሙና ነፍሰ ጡር ሚስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩ አጠገብ፣ መካኒኩ በካቴና ታስሮ። ትራፊኩም መጥቷል።

«ትራፊካችን ቱቦው ወልቆ ሰውየው ሞተ ብሏል» ብላ ጀመረች። «እንደዚያ ቢሆን ዘይቱ ቀድሞ፣ ደሙ ኋላ በፈሰሰ። እኔ ያገኘሁት ደሙ ደርቆ ዘይቱ ከላዩ ነው። ዳገት የወጣ ካምቢዮ ዘይት ደግሞ ቆዳ ይልጣል። የሟቹ ገላ ከሸሚዙ ሥር አልተላጠም። ሰውየው ሲሞት ቱቦው በቦታው ነበር። የተፈታው ዘይቱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በሰው እጅ ነው።»

መካኒኩ ቀና አለ። «አጥብቄው ነበር ማለት ነው?»

«አጥብቀውት ነበር፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ፊቱን በታሰሩ እጆቹ ሸፈነ። ልጁም ሮጣ አቀፈችው።

«ሟቹ ያለ ድንጋይ መኪና ሥር አይገባም» ስትል መርማሪዋ ቀጠለች። «ድንጋዩ ማዶ ተሻግሮ አገኘሁት። ድንጋይ በራሱ መንገድ አያቋርጥም። አንስቶ የእጅ ፍሬኑን የለቀቀ ሰው አብሮት ነበር። ማን? አዲሱን መለኪያ ያየ ሰው። የተገጠመው በዚያው ጠዋት ነው፤ ያዩት ባለጋራዡና ሟቹ ብቻ ናቸው። ሟቹ ስልክ አልያዘም። ከአደጋው በኋላ መኪናው ሸራ ለብሶ ግቢያችን ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ሰው ባለ ቁጥር እንደሆነና የት እንደተሰቀለ ነገረኝ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ታናሽ ወንድሙ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ከዳገቱ ግርጌ ጠብቄ ተሳፈርኩ» አለ። «ለመንኩት። ‹አሁንማ ማቀዝቀዣ አለው፣ መለኪያ አለው፣ ጋሼ፣ ቁልፉን መልስልኝ› አልኩት። ሥር ገብቶ እየነካካ ሳቀ። ‹ይሄ ሁሉ የተገጠመው አንተ እንዳትነዳው ነው› አለኝ። እጄ ድንጋዩን መቼ እንዳነሳ፣ ፍሬኑን መቼ እንደለቀቀ አላውቅም! ስነቃ ሞቷል። ብዙ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ መኪናው ገደለው እንዲባል ቱቦውን ፈታሁ። አማቴ ይታሰራሉ ብዬ አላሰብኩም!»

«ሲታሰርስ?» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ አልተሰማም ነበርና ደገመችው። «ሲታሰርስ? ማታ ስለ አባቴ ሳለቅስ እንባዬን የጠረግከው አንተ አይደለህም?»



አንድ ፖሊስ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ ፈትቶ ወደ ወጣቱ ሲሄድ ሽማግሌው የፖሊሱን ክንድ ይዞ ተንጠለጠለበት።

«ተመለስ! እኔ ነኝ! ፈርሜያለሁ እኮ! ፋሸታውን አላጠበቅኩም፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ምን እሆናለሁ? ልጄ ልትወልድ ነው፣ ሰዎች! ሕፃኑን አባት አታሳጡት!»

ትራፊኩ አንገቱን ደፋ። መርማሪዋ እውነት ይዛ መጥታ እንደዚህ ያፈረችበት ቀን አልነበራትም። ወጣቱን ሲያወጡት ሽማግሌው ዘይት በጠጣው ወለል ላይ ተዘርፍጦ «እኔን ውሰዱኝ» እያለ ቀረ።

ልጅቱ ባሏ የወጣበትን በር አላየችም። ሆዷን ይዛ በችግር ጎንበስ አለችና የአባቷን ብብት ያዘች።

«ተነስ፣ አባዬ» አለችው። «አንተንም ካጣሁ ማን አለኝ?»