ድምፁስ?

«ይሄኛውን እየው አባዬ! ጥቁሩ እንዴት ጥቁር እንደሆነ አየህ?» አለች ሊቄ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ከተሰቀሉት ሁለት ቴሌቪዥኖች ወደ ቀኙ እየጠቆመች።

አባቷ መነጽሩን አስተካክሎ ቀረብ አለ። ሊቄ እውነተኛ ስሟ አልነበረም። ቤት ውስጥ የተበላሸ ሪሞት፣ ያስቸገረ ስልክ፣ ያልገባ መመሪያ ሁሉ ወደ እሷ ስለሚመጣ፣ አባቷ ገና በልጅነቷ «የኔ ሊቅ» ይላት ጀመር፤ ቀስ በቀስ ሰፈሩም ሊቄ አላት። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጀርባው እንደ ሻንጣ ያበጠው የድሮው ቴሌቪዥን ጭሱን ለቆ ሲያርፍ፣ አዲሱን ማን ይምረጥ የሚል ጥያቄ እንኳን አልተነሳም።

ቀደም ብሎ፣ አባቷ ማቀዝቀዣዎቹን እየከፈተ እየዘጋ ሲመለከት፣ ወጣቱ ሻጭ ለሊቄ ልዩነቱን አንድ በአንድ አስረድቷታል።

«የግራው ድምፅ ማጉያው ከፊት ነው። ሰው ሲያወራ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ለዜና፣ ለድራማ የሚመች ነው። ምስሉ ግን ፈጣን ጌም ላይ ይጎተታል። የቀኙ ደግሞ በሰከንድ መቶ ሃያ ምስል ይሰጥሻል። ገና ጆይስቲኩን ስትነኪው ታዛዥ ነው።»

«ድምፁስ?»

«እሱ ላይ ደከም ይላል። ማጉያው ከጀርባ ስለሆነ ወደ ግድግዳው ነው የሚጮኸው። ንግግር ይዋጥበታል።»

ሊቄ የቀረውን አልሰማችም። አጎቷ ለልደቷ የሰጣት አዲሱ የጌም ማጫወቻ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም፤ በሐሳቧ ግን የቀኙ ቴሌቪዥን ላይ ከሰካችው ቆይታለች።

አሁን አባቷ ሁለቱን ተራ በተራ ካየ በኋላ ወደ እሷ ዞረ። ሻጩ ሌላ ደንበኛ ይዞ ሄዶ ነበር።

«ምስሉ ሁለቱም ያምራል። ድምፁስ? የትኛው ነው ደህና የሚሰማው?»

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ላሜራ እየተቀጠቀጠ በሚታጠፍበት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ግራ ጆሮው ከነጭራሹ ደንቁሯል፤ የቀኙም ቢሆን ሰው ፊት ለፊት ሲያናግረው ነው የሚያግዘው። ሊቄ ይህን ታውቃለች። ከልጅነቷ ጀምሮ መንገድ ላይ በቀኙ በኩል እንጂ በግራው ሄዳ አታውቅም።

«ሁለቱም ያው ነው» አለች።

«ያው ነው?»

«አዎ፣ ምንም ልዩነት የላቸውም።»

«እንግዲያው አንቺ ያልሽው ይሁን» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

በማግስቱ የክፍል ጓደኛዋ ቦርሳዋን እንኳን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ወደቀች። መኪኖቹ ስክሪኑ ላይ እንደ ውሃ ይፈስሳሉ፤ መንገዱ ላይ ያለው ጠጠር ሳይቀር ይቆጠራል።

«አንቺ! ይሄማ ቀሽት ነው! አንዴም አልተንቀረፈፈም እኮ!» አለች ጓደኛዋ።

«መርጬ ነዋ» አለች ሊቄ። እንደዚያን ቀን ኩራት ተሰምቷት አያውቅም።

ማታ ማታ ግን ሳሎኑ የወላጆቿ ነበር። እናቷ የልብስ ስፌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አባቷ ከአጠገቧ ተቀምጦ ተከታታይ ድራማ ያያሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አባቷ ሪሞቱን ይዞ ድምፁን ከፍ፣ ከፍ ያደርገው ነበር። ከፍ ሲል ግን የሚያይለው ሙዚቃውና የበር መንኳኳቱ እንጂ ንግግሩ አልነበረም።

«ኧረ በፈጠረህ፣ ጆሯችንን አፈረስከው!» ትላለች እናቷ።

«ይቅርታ» ይልና ይቀንሰዋል።

አንድ ምሽት ሊቄ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሳለ ቀና ብላ አየችው። አባቷ ዓይኑን የተከለው ስክሪኑ ላይ ሳይሆን የእናቷ ፊት ላይ ነበር። እናቷ ስትስቅ ትንሽ ቆይቶ ይስቃል። እናቷ ከንፈሯን ስትመጥ እሱም አንገቱን ይነቀንቃል። ሊቄ ደብተሯን ሰብስባ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ነገ እነግረዋለሁ ብላ አሰበች። በነጋው አልነገረችውም።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ አመሻሽ ላይ ጃኬቱን እያነሳ «ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ማለት አመጣ። ሳሎኑ ባዶ ሲሆን ሊቄና ጓደኛዋ ጨዋታቸውን ያራዝማሉ። እናቷ ስፌት ማሽኗ ላይ ነች።

አንድ ቀን ራት ደርሶ አባቷ ሲዘገይ እናቷ ላከቻት። «ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ጋ ነው የሚሆነው። በይ ጥሪልኝ።»

የፀጉር ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከመስተዋቱ በላይ የተሰቀለች አንዲት ትንሽ፣ ቀለሟ የደበዘዘ ቴሌቪዥን እየጮኸች ነው። አባቷ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቀኝ ጆሮውን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ያንኑ ድራማ ነበር የሚያየው። ሊቄ በሩን ልትገፋ እጇን ስትዘረጋ የፀጉር አስተካካዩን ድምፅ ሰማች።

«አንተ ሰውዬ፣ አዲስ ቴሌቪዥን ገዛሁ አላልክም እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ግሩም ቴሌቪዥን ነው! ልጄ ናት የመረጠችው። ምስሉን ብታየው ሰዎቹ ቤትህ የገቡ ነው የሚመስልህ።»

«ታዲያ?»

«ልጆቹ ይጫወቱበት ብዬ ነው። እኔማ የትም አያለሁ።»

ሊቄ እጇን መለሰች። ደረጃው ላይ ቆማ ድራማው እስኪያልቅ ጠበቀችው። ሲወጣ አይቷት ደነገጠ።

«ምነው? ሰላም ነው?»

«ራት ደርሷል።»

በቀኙ በኩል ሆና አብረው መንገድ ጀመሩ። የዳቦ ቤቱን አለፉ፤ የጎማ ጥገናውን አለፉ።

«አባዬ፣ ሱቅ ውስጥ ድምፁን ስትጠይቀኝ... ያው አልነበረም። የግራው ይሻል ነበር። ሻጩ ነግሮኛል፤ እያወቅኩ ነው። ለጌሙ ብዬ ነው።»

አባቷ እርምጃውን ቀነስ አደረገ። አልሰማኝም ይሆን ብላ ልትደግመው ስትል ተናገረ።

«ሱቁ ውስጥ ጫጫታ ስለነበር እኔ የአንዱም ድምፅ አልተሰማኝም። ጆሮዬን ላንቺ ሰጥቼ ነበር እኮ።»

ቁጣ የለበትም። ቢቆጣት በወደደች።

«ሄጄ እመልሰዋለሁ» አለች።

የቤታቸው በር ጋ ሲደርሱ ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ «ጌሙ ግን ጥሩ ይሄዳል?» አላት።

«ይሄዳል።»

«እሱ ደህና ነው» አለና ገባ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቁ ሄደች። ሻጩ አስታወሳት። ካርቶኑ ተቀዶ ግድግዳ ላይ የዋለ ዕቃ እንደማይመለስ አዝኖ ነገራት። በግራ የነበረውም ተሸጧል፤ በቦታው ሌላ ቀጭን ስክሪን ተሰቅሎ ዓሣዎች እየዋኙበት ነበር። ሊቄ ትንሽ ቆማ አየቻቸውና ወጣች።

ቤት ስትደርስ ጓደኛዋ ቀድማት ሳሎን ገብታለች። ጨዋታው ተከፍቶ ሁለቱም መኪኖች መስመሩ ላይ ቆመዋል።

«የት ጠፋሽ? ነይ፣ ዛሬ አፈር ድሜ ነው የማበላሽ!»

አባቷ በሩ አጠገብ ጃኬቱን እየለበሰ ነበር። አንዱን ክንድ አስገብቶ ሌላውን ይፈልጋል። ሊቄ ቀረብ ብላ እጅጌውን ያዘችለት።

«ቆይ አባዬ፣ እኔም ልምጣ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ድራማውን አብሬህ ላይ።»

«እንዴ! እኔስ?» አለች ጓደኛዋ ጆይስቲኳን እንደያዘች።

«አንቺ ተጫወቺ።»

ፀጉር ቤቱ ውስጥ አግዳሚው ሞልቶ ነበር። ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧቸው። ስክሪኗ ጥግ ላይ አረንጓዴ ትላለች፣ ምስሉ አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል፤ የተዋናዮቹ ድምፅ ግን ቃል በቃል ይሰማል። ሊቄ ታሪኩን ከመሃሉ ስለጀመረችው ማን ከማን እንደተጣላ ምንም አልገባትም።

«ያ ባለ ኮቱ ማነው?» ብላ በአባቷ ቀኝ ጆሮ በኩል ጠየቀችው።

አባቷ ዓይኑን ከስክሪኗ ሳይነቅል ወደ እሷ ዘንበል አለ። «የልጅቷ ወንድም ነው። እሷ ግን ገና አላወቀችም» አለና፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክላት ጀመር።